ስም ሲፈልስ
«አማራ»፣ «እስላም»፣ «ሕንድ»፦ የማንነት መጠሪያዎች በደጋው አነጋገርና በመድረክ ላይ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ በተንጣለለው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በቀድሞው ዘመን፣ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ የደረሰ መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ድምፁን ካሰማና «ቤት ለእንግዳ» ከተባለ በኋላ፣ የእግር ውሃው ሳይቀርብ ወይም እንደ ቀረበ አንድ ጥያቄ ይከተለው ነበር። ይኸውም «አማራ ነህ ወይስ እስላም?» የሚል ነው።

የዛሬ አንባቢ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ግራ ይጋባል። አንደኛው ቃል የብሔር፣ ሁለተኛው የሃይማኖት መጠሪያ ስለሚመስለው፣ ጥያቄው «ረጅም ነህ ወይስ ገበሬ?» እንደ ማለት ይሆንበታል። ጠያቂው ባላገር ግን አልተሳሳተም። ሊያውቅ የፈለገው የእንግዳውን የዘር ሐረግ ሳይሆን ማዕዱን ነው። በጓዳው ያለው ሥጋ በማን እጅ ታርዶ በማን ስም እንደ ተባረከ ያውቃል፤ እንግዳው ያን ሥጋ የሚበላ መሆን አለመሆኑን ሳይረዳ ግን ገበታ ሊያቀርብለት አይሻም። በእርሱ አነጋገር «አማራ» ማለት ክርስቲያን ማለት ነበር። ክርስትና የተነሣ ሰው «አማራ ሆነ» ይባል ነበር። እንግዲህ ጥያቄው እንግዳን ላለማሳፈር የሚጠየቅ የጨዋ ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል።

ያው ጥያቄ ዛሬ በአንድ ኬላ ላይ፣ መሣሪያ ካነገተ ሰው አንደበት ቢወጣ፣ ተጠያቂው ስለ እራት አያስብም። ፊደሉ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው። የተለወጠው ቃሉ የሚኖርበት ቤት ነው። ቃል እንደ ሰው ይፈልሳል፤ ፈልሶ በሄደበት ቦታ ሌላ ግብር ይይዛል፤ የቀድሞ ጎረቤቶቹ ግን በቀድሞ ግብሩ ይጠሩታል። አለመግባባቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ነገር የቋንቋ ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች መተው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ታሪክን ለመድረክ የሚያዘጋጅ ጸሐፌ ተውኔት፣ ያለፈውን ዘመን በልብ ወለድ የሚተርክ ደራሲ፣ የባዕድ አገርን ወሬ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በየቀኑ ከእነዚህ ቃላት ጋር ስለሚታገል፣ ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ሒስ ጉዳይ ነው።

የወንዙ ስም

የመጠሪያ ፍልሰት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ሕንድ የሚለው ስም መነሻው ወንዝ ነው። በሳንስክሪት «ሲንዱ» የተባለውን ታላቅ ወንዝ የፋርስ ሰዎች በቋንቋቸው ባሕርይ «ስ»ን ወደ «ህ» ለውጠው «ሂንዱ» አሉት፤ ግሪኮች «ህ»ን አስቀርተው «ኢንዶስ» አሉት፤ ዐረቦች አገሩን «ሂንድ» ብለው ጠሩት፤ አማርኛም «ህንድ» ብሎ ተቀበለው። ስለዚህም «ሂንዱ» በመነሻው የሃይማኖት ስም አልነበረም። ከዚያ ወንዝ ወዲያ የሚኖር ሰው ማለት ነበር።

በኋላ ግን እስልምና በአገሩ ሲስፋፋ ቃሉ ሙስሊም ያልሆነው የአገር ተወላጅ መለያ እየሆነ ሄደ። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ ሲጀመር ቆጣሪው እያንዳንዱን ሰው በአንድ የሃይማኖት ዐምድ ሥር መጻፍ ስለ ነበረበት፣ ድንበሩ ለስላሳ የነበረው ስም ድንበሩ እየጠነከረ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1923 ቪናያክ ዳሞዳር ሳቫርካር ስለ «ሂንዱትቫ» ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሂንዱ የሚባለው ሕንድን የአባት አገሩም የተቀደሰ ምድሩም አድርጎ የሚመለከት ሰው ነው የሚል ፍቺ ሰጠ። በዚህ ፍቺ መሠረት የተቀደሰ ምድሩ መካ ወይም ኢየሩሳሌም የሆነበት ሕንዳዊ፣ አያት ቅድመ አያቱ ከዚያው አፈር ቢበቅሉም እንኳ፣ በገዛ አገሩ ግማሽ ባለቤት ብቻ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1947 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ይህ የቃል ጠብ የደም ጠብ ሆነ። በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በመጀመሪያው አንቀጹ አገሪቱን «ኢንዲያ» እና «ብሃራት» በሚሉ ሁለት ስሞች ሲሰይም «ሂንዱስታን» የሚለውን ግን አላስገባም። ቃሉ ምን ያህል ሸክም እንደ ተሸከመ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ረገድ ከስሕተት ነፃ አይደለም። «ሕንዳዊ» ማለትና «ሂንዱ» ማለት አንድ እየመሰለው «ሂንዱዎች» የሚለውን ለአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ አድርጎ የሚጽፍ ተርጓሚ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ግን በሕንድ የነበሩት ሙስሊሞች ብቻ 172 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ሲኒማ ቤቶች የሕንድ ፊልም እያየ ያደገው ትውልድ ዝናውን የሚያውቀው ዲሊፕ ኩማር የተወለደበት ስም ዩሱፍ ኻን እንደ ነበረ ስንቱ ተመልካች ያውቃል? በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን መካከል ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ የሕንድ ማላንካራ ቤተ ክርስቲያንም ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። ደገኛው ተማሪ ግን መምህሩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቢያይ «ሕንድ ክርስቲያን አለ እንዴ?» ብሎ ይደነቅ ነበር። አገር በአንድ ሃይማኖት ብቻ የሚታወቅ መስሎ የሚታየው ከሩቅ ለሚያየው ነው፤ ኢትዮጵያንም ከሩቅ የሚያዩአት እንዲሁ ያዩአታል።

በውጭ የአገር ስም፣ በአገር ውስጥ የሃይማኖት ስም

አንድ ሕንዳዊ ሙስሊም ለሐጅ ወይም ለትምህርት መካ ሲሄድ «አል ሂንዲ» ይባል ነበር፤ በአገሩ ሲኖር ግን ያ ስም የሌላው ሃይማኖት መጠሪያ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይኸው ዕጣ የኢትዮጵያ ሙስሊምም ዕጣ ነው። በካይሮው አል አዝሀር ከኢትዮጵያና ከአካባቢው ለሚመጡ ተማሪዎች የተለየው ማደሪያ በጀበርቲ ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብድ አል ራሕማን አል ጀበርቲ ስሙን ያገኘው አያቶቹ ከዚያ ምድር የፈለሱ በመሆናቸው ነው። የነቢዩ ሙአዚን ቢላልም እስከ ዛሬ «ሐበሺ» እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ ሙስሊሙ ቀይ ባሕርን ሲሻገር በአገሩ ስም ይታወቃል። ወደ አገሩ ሲመለስ «እስላም» ብቻ ይሆናል፤ የአገሩ ስም ከኬላው ላይ የተወረሰበት ይመስላል።

ተቃራኒው ዕጣ ደግሞ በሌሎች የዚያው ምድር ልጆች ላይ ደርሷል። በጎንደር ደጋ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በጎረቤቶቻቸው አፍ «ፈላሻ» ይባሉ ነበር፤ ቃሉም «ፈለሰ» ከሚለው ጋር እየተያያዘ አገር የሌለው፣ ርስት የሌለው የሚል ጥላ ስላለበት አይወዱትም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀጥታ፣ በዚህ በሁለተኛው ጉዞ ብቻ ከ14,000 የሚበልጡት፣ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እዚያ ሲደርሱ ግን መጠሪያቸው «ኢትዮጵያውያን» ሆነ። በኢትዮጵያ ሳሉ እስራኤል፣ በእስራኤል ሳሉ ኢትዮጵያ ተባሉ። ከዚህ የበለጠ መራራ የስም ምፀት በመድረክ ላይ ለመፍጠር የሚችል ጸሐፌ ተውኔት መኖሩ ያጠራጥራል።

የወረ ሼህ ከተማ

ደብረ ታቦር ስለ ስም ለማሰላሰል የተመቸች ከተማ ናት። ስሟ በገሊላ ካለው ተራራ የመጣ ነው፤ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በመላ አገሪቱ ሕፃናት ጅራፍ እያጮኹ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ የሚያከብሩት በዓልም በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ ስሟ ከነሙሉ ትርጉሙ ክርስቲያናዊ ነው። ከተማዪቱን የቆረቆሯት ግን በ1817 ዓ.ም. የሞቱት ራስ ጉግሣ ሲሆኑ፣ ቤተሰባቸው ከየጁ የመጣው «ወረ ሼህ» የተባለው ቤት ነው። «ወረ ሼህ» ማለት የሼህ ወገን ማለት ነው። ከመሳፍንቱ አንዱ ይማም፣ ሁለቱ ዓሊ ይባሉ ነበር። የራስ ዓሊ ታናሹ እናት እቴጌ መነን ሊበን አመዴ ከሙስሊም የወሎ ባላባቶች ተወልደው ክርስትና የተነሡ ነበሩ። የሼህ ስም የያዘ፣ በክርስትና የተጠመቀ ቤት በክርስቶስ ተራራ ስም የተሰየመች ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የጎንደርን ነገሥታት ይሾምና ይሽር ነበር።

ይህ ድብልቅልቅ ነገር ለባላንጣ የተመቸ መሣሪያ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ራስ ዓሊን ለመውጋት ደብረ ታቦር ድረስ ሲዘምቱ፣ በባላንጣቸው ላይ ያቀረቡት ክስ የእስላም ወገን ናቸው የሚል ነበር። ራስ ዓሊ የተጠመቁ ሰው ናቸው፤ ይሁንና ክሱ በሰው ጆሮ ገባ፤ ምክንያቱም ስማቸው ዓሊ ነው። ጦርነቱ የሥልጣን ጦርነት ሆኖ ሳለ የተካሄደው በስም ነበር። በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ላይ ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን ድል አድርገው የየጁን ዘመን ሲያስቀሩም፣ በኋላ የመጡ ተራኪዎች ድሉን የክርስቲያን ድል አድርገው መተረክ ቀለላቸው።

ስለዚያ ዘመን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጽፈዋል፤ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ ልብ ወለድ ደርሰዋል። ከእነርሱም ወዲህ የመጡ ብዙዎች ደብረ ታቦርንና ጋፋትን በመድረክ ጎብኝተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስን የሚያሳይ ጸሐፌ ተውኔት ራስ ዓሊን ማሳየት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። አንደኛው የባላንጣን ክስ እንደ ታሪክ ሐቅ ተቀብሎ ራስ ዓሊን ግማሽ እስላም፣ ግማሽ ባዕድ አድርጎ መቅረጽ ነው። ሁለተኛው የዘመኑን ሰዎች በዛሬ አፍ ማናገር ነው።

የገጸ ባሕርዩ ቃልና የደራሲው ቃል

ሁለተኛው ወጥመድ ሰፋ ያለ ትንታኔ ይሻል። በ1830ዎቹ ዓ.ም. የሚኖር አንድ የደብረ ታቦር ገጸ ባሕርይ በመድረክ ላይ «እኔ አማራ ነኝ» ቢል፣ በዚያ ዘመን አነጋገር «የተጠመቅሁ ነኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። የዛሬ ተመልካች ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. የተማሪዎች ንቅናቄ ወዲህ «ብሔር» የሚለው ቃል ራሱ ፈልሷል። በግእዝ «ብሔር» አገር፣ ምድር ማለት ነበር፤ «እግዚአብሔር» በሚለው ስም ውስጥም ይኸው ፍቺ ይገኛል። ንቅናቄው ቃሉን የሕዝብ መጠሪያ አደረገው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የሥልጣን ምንጭ አደረገው። በ1983 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከአቶ መለስ ዜናዊ ጋር በቴሌቪዥን ሲከራከሩ አማራ የሚባል ጎሣ የለም የሚል ሐሳብ በመሰንዘራቸው አገር ተንጫጫ። ግማሹ የተቆጣው ቃሉን በአዲሱ ፍቺ ሰምቶ ነበር፤ ፕሮፌሰሩን የደገፉት ደግሞ በአሮጌው ፍቺ ይሟገቱ ነበር። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል እየጠሩ ስለ ሁለት ነገር ይነጋገሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚሁ ስም ምክንያት ሰዎች ሲፈናቀሉና ሲገደሉ «ስሙ በቀድሞው ዘመን ይህን ማለት አልነበረም» የሚለው ሊቅነት ለሟቹ ምንም አልፈየደም። ስም በሰው ላይ የሚያርፈው ሰሚው በሰጠው ፍቺ ነው።

የደሪጣን ነገር ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ከደብረ ታቦር ብዙም የማትርቀው ደሪጣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የሙስሊም ነጋዴዎች የታወቀች ከተማ ነበረች። ከዚያ የተወለደ የዛሬ ወጣት በቅጽ ላይ «ብሔር፦ አማራ፤ ሃይማኖት፦ እስልምና» ብሎ ያለ ጭንቀት ይጽፋል። ለቅድመ አያቱ ግን ይህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የተጠመቀም ያልተጠመቀም ነው እንደ ማለት ነበር። ወጣቱም ቅድመ አያቱም አልዋሹም። የሁለቱን ቃል አጣምሮ በመድረክ ላይ የሚያውል ጸሐፊ ግን ልዩነቱን ካላወቀ ሁለቱንም ያዋሻቸዋል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንዳንዶች ገጸ ባሕርያቱን በዛሬ ጨዋ ቃል «ሙስሊም»፣ «ኦርቶዶክስ» እያሰኙ ያናግሯቸዋል። ይህ ጨዋነት ቢመስልም ታሪክን ማጠብ ነው። የቋራ ሽፍታና የእብናት ገበሬ እንደ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲናገሩ የሚያምናቸው ተመልካች የለም። ሌሎች ደግሞ አሮጌውን ቃል ያለ ጥንቃቄ ይወረውሩትና አዳራሹ ሲያጉረመርም «የዘመኑ አነጋገር ነው» ብለው ያመካኛሉ። ይህም የደራሲን ዕዳ በገጸ ባሕርይ ላይ መጫን ነው።

የሚሻለው መንገድ ቃሉን በድርጊት መፍታት ነው። ባላገሩ «አማራ ነህ ወይስ እስላም?» ይበል። እንግዳው «እስላም ነኝ» ይበል። ባላገሩም ወደ ጓሮ ዞሮ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ዶሮ ያሳርድለት። ተመልካቹ ያለ ምንም ማብራሪያ ቃሉ ምን እንደ ነበረ፣ ጥያቄውም ስለ ምን እንደ ተጠየቀ በዓይኑ ያያል። በዚህ ደጋ በሠርግና በተዝካር ጊዜ ለሙስሊም ጎረቤት የተለየ ዳስ መጣል፣ ሙስሊሙ በእጁ የሚያርደውን ከብት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ መለያየትንም አብሮ መብላትንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ማዕዱ ሁለት ነው፣ ሠርጉ ግን አንድ ነው። ይህን ያህል የተዘጋጀ ትዕይንት እያለ ጸሐፌ ተውኔቱ በመፈክር መድከሙ ያሳዝናል።

በሌላ በኩል ደግሞ የደራሲው የራሱ ቃል፣ ማለትም በመግለጫው፣ በመቅድሙ፣ በተራኪው አንደበት የሚያውለው ቃል፣ የራሱ ዕዳ ነው። በዐረብኛ «እስላም» የሃይማኖቱ ስም ሲሆን የሃይማኖቱ ተከታይ «ሙስሊም» ይባላል። አማርኛ ሰውየውን «እስላም»፣ ሃይማኖቱን «እስልምና» ብሎ ለብዙ ዘመን ኖሯል። አሮጊቷ የፋርጣ ሴት «እስላሟ ጎረቤቴ» ስትል በፍቅር ነው። የከተማው ወጣት ሙስሊም ግን ያንኑ ቃል በጽሑፍ ሲያነብ አያቶቹ የተናቁበትን ዘመን ይሰማበታል። ሴቲቱን ማረም አያስፈልግም፤ ጸሐፊው ግን ሁለቱም አንባቢዎቹ መሆናቸውን ሊያስብ ይገባዋል።

በአንድ ግስ ላይ የተነሣ ሰልፍ

ቃል ይህን ያህል ይከብዳልን? የሚል ቢኖር የሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.ን የአዲስ አበባ ሰልፍ ማስታወስ ይበቃዋል። በዚያ ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ ሙስሊሙ ከነደጋፊው ክርስቲያን፣ አደባባይ ወጣ። ከጥያቄዎቹ መካከል በበዓላት፣ በፍርድ ቤቶችና በመንግሥት ሥራ ረገድ እኩልነት ይጠበቅ የሚሉ ነበሩ። ከእነዚህ ጋር አንድ የሰዋስው ጥያቄ አብሮ ተሰልፎ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚል።

በሁለቱ ሐረጎች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ግስ ላይ የቆመ ነው። «የሚኖሩ» የሚለው ግስ ሰውን በቦታ ያስቀምጠዋል እንጂ ከቦታው ጋር አያዛምደውም። በአንድ ቤት የሚኖር ሰው ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ተከራይም ሊሆን ይችላል። «የኢትዮጵያ» ውስጥ ያለው «የ» ግን ያዛምዳል፤ ልጅን ከእናት፣ እጅን ከአካል የሚያገናኘው ይኸው ፊደል ነው። ይህን ልዩነት ለሰልፈኛው ያስተማረው የሰዋስው መምህር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ በመወሰኑ ሰፈራቸው «እስላም ቤት» ተብሎ ነበር። በደጋው አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው የመሬት ርስት ስላልነበረው በንግድና በሽመና ይተዳደር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላም ይጠመቅ ዘንድ ታዝዟል። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ወገን «የሚኖሩ» የሚለውን ግስ ሲሰማ ርስት አልባነቱን ይሰማበታል። በ1967 ዓ.ም. የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓላት ሲሆኑ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ግሱ ከሥሩ መነቀል ጀመረ ማለት ይቻላል። ሰዋስው የሚለወጠው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በመሬትም ነው።

ሥነ ጽሑፉ ግን ከአዋጁ ጋር እኩል አልተራመደም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን ከሚበልጠው የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ከመቶ 96ቱ ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ 4 የማይሞላው ሙስሊም ነበር። ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ይሁንና በአማርኛ መድረክ ላይ ያላቸው ድርሻ ከቁጥራቸውም ያነሰ ነው፤ ሲገኙም ብዙውን ጊዜ ለማሣቅ የገቡ፣ አፋቸው የተኮላተፈ፣ ሚዛን የያዙ ነጋዴዎች ናቸው። የደሪጣ ነጋዴ ከደብረ ታቦር ገበሬ ጋር አንድ አማርኛ ይናገራል፤ መድረኩ ግን አንደበቱን ባዕድ ያደርግበታል። ይህ ከስድብ የከፋ ነው፤ ስድብ ቢያንስ ለሚያውቁት ሰው ነው።

ከዚህ ረቀቅ ያለ ሌላ ነገርም አለ። አማርኛ ታማኝን ሰው «ማተበኛ» ይለዋል፤ ከሐዲውን «ማተብ የለውም» ይለዋል። ማተብ በክርስቲያኑ አንገት የሚታሰር ክር ነው። ስለዚህ ቋንቋው ታማኝነትን በአንድ ሃይማኖት ክር አስሮታል ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን አነጋገሮች ከአማርኛ መንቀል ማንም አይችልም፤ መሞከሩም አይገባም። ነገር ግን ባለቅኔ ከሌላው ሰው የሚለየው ቃሉ ማንን አቅፎ ማንን በውጭ እንዳስቀረ በማወቁ ነው። አንድ ክርስቲያን ገጸ ባሕርይ ስለ ሙስሊም ወዳጁ «ማተብ ባያስርም ማተበኛ ነው» ቢል፣ በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ቋንቋው ራሱን ሲሰፋ ይታያል።

የስም ዕዳ

በ2011 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር እስቴ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ወሬው በደቡብ ወደሚገኘው የስልጤ ዞን በደረሰ ጊዜ ደግሞ በዚያ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የስልጤው ምእመን የጎንደሩን ገዳይ አያውቀውም፤ የእስቴው ሸማኔም በሌላ ቦታ ስለ ተደረገው ነገር የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ከወንጀሉ ጋር ያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በቤንጋል ኖኻሊ በሂንዱዎች ላይ ለደረሰው ግፍ በቢሃር ያሉ ሙስሊሞች የከፈሉትም በዚሁ ሒሳብ ነበር። ስም ሰውን በጅምላ ሲይዝ የአንዱን ዕዳ ሌላው ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ሥነ ጽሑፍ ያቆመዋል ማለት የዋህነት ነው። ሆኖም የሥነ ጽሑፍ ዋና ሥራ ከጅምላው ስም ሥር አንዱን ሰው አውጥቶ በገዛ ፊቱ ማሳየት ነው። ተመልካቹ በመድረክ ላይ አንዲትን የደሪጣ እናት ሲያያት፣ በልጅዋ ስታዝን፣ ከጎረቤቷ ጋር ቡና ስትጠጣ፣ በገበያ ስትከራከር ካየ፣ በማግሥቱ «እስላሞች» የሚለውን ቃል ሲሰማ ያች አንዲት ሴት ትታወሰዋለች። የጅምላው ስም በዚያች ሴት መጠን ይጎድላል።

በደጋው አገር ሰው ሲጨነቅ፣ ቤቱ ሲቃጠል ወይም ሌባ ሲይዘው «የክርስቲያን ያለህ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ በአፉ ክርስቲያንን ይጠራ እንጂ በልቡ የሚጠራው ሰውን ነው፤ ጩኸቱን የሰማ ሙስሊም ጎረቤት «እኔን አይደለም የጠራኝ» ብሎ በቤቱ አይቀመጥም፤ ዱላውን ይዞ ይወጣል። እርሱ ቃሉን በጎረቤቱ ሐሳብ ልክ ፈትቶታል። በደራሲም፣ በተርጓሚም፣ በሐያሲም ዘንድ የሚጎድለው ይህ ባላገር ያለው የመስማት ችሎታ ነው። ይልቁንም አንዳንድ ጊዜ በዚያው ደጋ «የእስላም የክርስቲያን ያለህ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። የጨነቀው ሰው ከሊቃውንቱ ቀድሞ የአገሩን ሙሉ ስም አግኝቶታል።